የዘሀራ ዓይንና የአባታችን የውሃ ተራ

ደብረ ብርሃን ያሉ ጎረቤቶቼ «መርሳ የት ነው?» ይሉኛል። «ደሴን አልፎ፣ ወልድያ ሳይደርስ» እላቸዋለሁ። «አሃ፣ አውቶቡስ ላይ ተኝተን ያለፍነው!» ይላሉ። ይህን የምጽፈው ተኝተው ላለፉትና ፈጽሞ ለማይሄዱት ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ያውም በማታ ትምህርት። ቢሆንም ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መጻፍ አያቅተኝም።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ እህቴ ዘሀራ ሁለቱንም ዓይኗን የዓይን ሞራ ለብሷት፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የምትለየው። ወልድያ ውስጥ ሞራ የሚያወጡ ሐኪሞች ለሦስት ቀን ብቻ እንደሚመጡ ደውላ የነገረችኝ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው የልጅ ልጄ ሰሚራ ናት። «እማማ ዘሀራ በእኔ ቃል እሺ አይሉም። አንቺ ካልመጣሽ እንዲሁ ይቀራሉ» አለችኝ።

እኔ ዘሀራን በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ። መርፌ ላይ ክር የማስገባው በመነጽር ቢሆንም አስገባለሁ። ከአንድ እናት ወጥተን፣ ከአንድ ገበታ በልተን አድገን፣ ታናሿ ቀድማ ስትታወር ይሄ የማን ፍርድ ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ተሳፈርኩ።

ሰኞ

ኅዳር ነውና ከደብረ ብርሃን ስነሳ መስኮቱ ላይ ውርጭ ነበር። ሁለት ሹራብ ለብሼ ጋቢ ደርቤያለሁ። ጣርማበርን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢውን አወለቅኩ፤ ከሚሴ ላይ አንዱን ሹራብ። ኮምቦልቻ ስንቃረብ ሁለተኛውን ሳወልቅ አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ፣ «እማማ፣ መርሳ እስኪደርሱ ምን ይተርፍዎታል?» ብለው አሳቁብኝ።

ወዲያው እኔም በእሳቸው ላይ ጥፋት ሠራሁ። ለዘሀራ የያዝኩት የደብረ ብርሃን ቅቤ በብርዱ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ቆላው ሲነካው ቀልጦ፣ ክዳኑን አልፎ፣ የሰውየው ጫማ ላይ ፈሰሰ። በእኛ ሰፈር ቢሆን ጫማውን አስጠርገውኝ፣ ሰድበውኝ፣ ሳምንት ሙሉ ያወሩብኝ ነበር። እሳቸው ግን እግራቸውን አንስተው አዩና፣ «ይሄ ጫማ ከተገዛ ጀምሮ ቅባት አይቶ አያውቅም፤ አላህ ይስጥልኝ!» አሉ። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፌስታል ገዝተው በመስኮት አቀበሉኝ።

ደሴ ምሳ በላን። ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፈን የአምባሰል ገደል በግራዬ ቆመ። መርሳ ያለችበት ሐብሩ ወረዳ ስንገባ የማሽላው ራስ ቀልቷል። ደብረ ብርሃን ገብስ ነው የማየው፤ ገብስ ሰውን ከጉልበቱ በታች ይተወዋል። ማሽላ ግን ከሰው በላይ ቆሞ ያንሾካሹካል። ልጅ ሳለን ዘሀራ እዚያ ውስጥ ተደብቃ እኔ የምፈልጋት በሳቋ ነበር።

መርሳ አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ባጃጅ ከከተማው በታች እስከ ዘሀራ ደጃፍ አደረሰኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራለች። ዝም ብዬ ቀረብኩ።

«የቀኝ እግርሽ ዛሬም ይጎተታል፣ እታለም» አለች።

ተቃቅፈን ቆየን። ፊቴን በጣቶቿ ዳሰሰች። «አልከሳሽም። ብርዱ ተስማምቶሻል» አለች። ሻይ ልትቀዳልኝ ብርጭቆው ከንፈር ላይ ጣቷን አደረገች፤ ትኩሱ ጣቷን ሲነካት ብርጭቆው መሙላቱን ታውቃለች። የጣቷ ጫፍ ተቃጥሎ ጠንክሯል። ቅቤውን አሸተተችና «መንገድ ላይ ጠረኑ ተለውጧል» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ክንዴን ይዛ ወደ አባታችን ማሳ ወሰደችኝ። መሪ የነበረችው ግን እሷ ናት። «እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ቦዩ ይታጠፋል» እያለች እኔን የምታየዋን ትመራለች።

አባታችን የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ማለት የወንዙን ውሃ በተራ ለየማሳው የሚያከፋፍል ሰው ነው። የእሱ ደንብ ቀላል ነበር፤ ውሃው ከጅራት ይጀምራል። ከወንዙ አፍ በጣም የራቀው ማሳ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ቅርቡ መጨረሻ። ከአፉ ከተጀመረ ቅርብ ያለው እየደጋገመ ይጠጣል፣ ሩቁ ሰው ግን ደረቅ ቦይ ሲጠብቅ ይከርማል። የራሱን ማሳ ደግሞ አባታችን ከሁሉም መጨረሻ ያጠጣ ነበር። ቀድሞ ያጠጣ ሰውም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የመጨረሻው ማሳ እስኪጠጣ ቦይ ይጠብቃል። ሳይጠጣ የቀረ ማሳ ካለ ደግሞ ቀጣዩ ዙር ከእሱ ይጀምራል።

«አንድ ዓመት ሽንኩርት ተከልኩ፤ ታስታውሻለሽ?» አለች ዘሀራ።

እንዴት እረሳለሁ? ዘሀራ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ሽንኩርቷን ከአባታችን ማሳ ጥግ ተከለች። ውሃው ሁለት ማሳ ሲቀረው ወንዙ እየደረቀ መጣ። አባታችን ተቀምጦ አለቀሰ፤ ቦዩን ግን ከተራው በፊት አልከፈተም።

«ያ የደረቀ ሽንኩርት እስከ ዛሬ ይሸተኛል» አለች።

ቦዩ አሁን ግማሹ በደለል ተሞልቷል። ድሮ በዓመት አንድ ቀን ሰፈሩ ወጥቶ ይጠርገው ነበር። ጠራጊዎቹ ጎልማሶች ከተማ ገቡ፤ የቀሩት ጠራጊዎች አረጁ።

ስንመለስ ሰሚራ ከወልድያ ደርሳ እንቁላል ልትጠብስ መጥበሻ ጥዳለች። ጥያቄዬን ወረወርኩባት። «አንቺ ተምረሻል። ለምንድን ነው ታናሿ ቀድማ የታወረችው? ፍትሑን አሳዪኝ።»

«ፍትሑን አላውቅም። ምክንያቱን ልንገርሽ» አለችና እንቁላሉን ሰበረች። «ጥሬው ነጩ ክፍል ብርሃን ያሳልፋል፣ አይደል? አሁንስ?»

«ነጣ።»

«ተመልሶ ጥሬ ይሆናል?»

«አብደሻል?»

«ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስም የተሞላው በፕሮቲን ነው፤ እንደ ጥሬው እንቁላል ብርሃን ያሳልፋል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ያኖረናል፤ ግን ማረሻን እንደሚያዝገው ሰውነታችን ውስጥም ፕሮቲኑን ቀስ እያለ ይጎዳዋል። ፀሐይና የማገዶ ጭስ ደግሞ ያግዙታል። የተጎዳው ፕሮቲን ይጣመማል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይደፈርሳል። ያ ነው ሞራ። እሳት በደቂቃ የሚሠራውን ዕድሜ በስልሳ ዓመት ይሠራዋል። እማማ ዘሀራ ዕድሜያቸውን በዚህ ፀሐይ ኖሩ፤ አንቺ በደመና።»

«የሚጠግን የለም?»

«አለ። የተጎዳውን የሚጠግን፣ የማይጠገነውን አፍርሶ የሚያስወግድ አለ። ችግሩ ጠጋኞቹም ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው። እነሱም ይጎዳሉ። ስናረጅ ሥራው ይበዛባቸዋል፣ ጉልበታቸው ይቀንሳል።»

«ቦይ ጠራጊዎቹ አረጁ በዪኛ!» አልኳት።

«እንዲያውም እንደሱ ነው!» አለች። «እርጅና ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለት ግን አይደለም። የቱ መንስኤ፣ የቱ ውጤት እንደሆነ ምሁራኑም ገና ይከራከራሉ።»

እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። አላቆመችም። «የሚገርመው፣ ሌላው የሰውነት ፕሮቲን እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። የሌንሱ መሃል ግን አይተካም። እናት ማሕፀን ውስጥ የተሠራው ራሱ ነው እስከ መጨረሻ ይዘነው የምንኖረው።»

ዘሀራ የያዘችውን የእንጀራ ቁራሽ አስቀመጠች። «ያ ነው የሚወጣው?»

«አዎ፣ እሱን አውጥተው በሰው ሠራሽ...»

«እንግዲያው አላስወጣም።»

ሰሚራ ደነገጠች። «እማማ፣ እንዴት?»

«እናቴ ስትሞት መንገድ ሄጄ ነበር፤ ፊቷን አላየሁም። ከእሷ እጅ የቀረኝ ይሄ ከሆነ አውጥቼ የት ልጥለው?»

ሰሚራ እኔን አየችኝ። እኔም እንቁላሉ እስኪቀዘቅዝ አሰብኩ። እህቴን አውቃታለሁ፤ መጎተት አይሆንላትም።

«ዘሀራ፣ እማዬ ያንን የሠራችው እንድታዪበት ነው» አልኳት። «ሥራውን ጨርሷል። አንቺ ግን ገና አልጨረስሽም።»

ዶሮዎቹ ግቢውን ሲጭሩ አዳመጠች። በኋላ፣ «ሲወጣ አንቺ እይልኝ። ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ» አለች። ቃል ገባሁ።

ረቡዕ

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ጎማው ፈነዳ። ፓፓያ የምትሸጥ ሴት የራሷን መቀመጫ ለዘሀራ ሰጥታ እሷ ቆመች፤ ፓፓያም ቆርጣ አጎረሰቻት። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ ስንት ጊዜ ውዬአለሁ፤ ማንም ተነስቶልኝ አያውቅም። ከመንገዱ ዳር የግብርና ምርምር ማዕከሉ የማሽላ ማሳ አለ። ዘሀራ አንድ የማሽላ ራስ ዳሰሰችና፣ «ይሄ ድንክ ነው። እዚህ ውስጥ ልጅ አይደበቅም» አለች።

ወልድያ ሆስፒታሉ ግቢ ሰው በሰው ላይ ነው። ይገፋፋል፣ ይጮኻል፣ የዘመድ ስም ይጠራል። የሰሚራ ጓደኛ ከመዝጋቢው ወጣት ጋር ትተዋወቅ ኖሮ፣ «ሦስተኛ ላይ ያስገባልናል» አለች ሰሚራ ጆሮዬ ላይ።

«አይሆንም» አልኩ።

ዘሀራ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!»

ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰዎች ገፍተዋቸው ወደቁ። አባ ታረቀኝ ይባላሉ፤ ከደጋው ሁለት ቀን በዱላ እየተመሩ የመጡ ናቸው። ሳነሳቸው ደሜ ፈላ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«እናንተ የሐብሩ ሰዎች! ከመካከላችሁ የውሃ ተራ የማያውቅ አለ? ውሃ ከየት ይጀምራል?»

«ከጅራት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሌሎችም ሳቁና «ከጅራት!» አሉ።

«እንግዲያው ሩቁ ይቅደም! ከደጋው የመጣ መጀመሪያ፣ ከዚያ የገጠሩ፣ ከዚያ የመርሳ፣ በመጨረሻ የወልድያ!»

የወልድያዎቹ አጉረመረሙ፤ መዝጋቢው ግን ግፊያው ስላቆመለት ደስ ብሎት እንዳልኩት መጻፍ ጀመረ። በዚህ መሃል አንድ የመርሳ ሰው ጮክ ብሎ፣ «እማማ፣ የውሃ አባት የራሱን ማሳ መቼ ነው የሚያጠጣው?» አለኝ።

ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ።

«መጨረሻ» አልኩ።

ከወንበሩ ስወርድ ዘሀራ ክንዴን አልያዘችም። ወደ ሰሚራ ዞራ የእሷን ያዘች።

ሐሙስና ዓርብ

ያረፍነው የሰሚራ አከራይ ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ነው። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ አልጋቸውን ለዘሀራ ለቀው መሬት ላይ ተኙ። እየጾሙ፣ ለእኛ ግን ወተት አፈሉ። «ጾሙ የኔ ነው፤ እናንተ ምን በወጣችሁ?» አሉ። ለሰላት የምንሰግድበት ምንጣፍ ሳይቀር ከጎረቤት ተውሰው አመጡ። ደብረ ብርሃን አርባ ዓመት ስኖር በር ለበር ያለች ጎረቤቴ ይህን አላደረገችልኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላደረግኩላትም።

ዘሀራ ሐሙስን ሙሉ አላናገረችኝም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ሲቀር ሐኪሟ ወጥታ፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አብቅተናል። ነገ በጠዋት መንገድ አለብን። የቀራችሁትን ለሚቀጥለው ዙር እንመዘግባለን» አለች። ሁለት ከወልድያ፤ ሦስተኛዋ ዘሀራ።

«ቀጣዩ ዙር መቼ ነው?»

«ከወራት በኋላ። ቀኑን አላውቅም፣ እማማ።»

ያኔ ዘሀራ አፏን ከፈተች። «የአባትሽ ልጅ! ያኔ ሽንኩርቴን አደረቃችሁ፤ ዛሬ ዓይኔን። እናንተ ሰው ፊት ጻድቅ ትሆናላችሁ፤ የሚጠማው ግን የራሳችሁ ሰው ነው!»

እውነት ተናግራለች። ፍትሕ ስል ሌላውን ሁሉ ጠይቄ የእሷን ፈቃድ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። በእህቴ ዓይን ለጋስ ሆኛለሁ። ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ወደ በሩ ሳይ አባ ታረቀኝ የታከመ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ተቀምጠዋል። ቀድመው የታከሙት ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ ፋሻቸው ሲነሳ ወደ አገራቸው መሄድ ነበረባቸው። አጠገባቸው ሌሎችም አሉ፤ አሥር ይሆናሉ፤ ፋሻ ያልተነሳለትም፣ የተነሳለትም።

«አባ፣ ለምን አልሄዱም?» አልኳቸው።

«በእኛም አገር ቦይ አለ» አሉ። «ቀድሞ ያጠጣ ይጠብቃል። የመጨረሻው ማሳ ገና መች ጠጣ?»

ሐኪሟ ቆማ ትሰማለች። አባ ታረቀኝ ወደ እሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንቺን አናስገድድም። እኛ እዚህ ቁጭ እንላለን፤ ያ የኛ ሥራ ነው» አሏት። ዓይኗ ከድካም ቀልቷል። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ሳቀች። «ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሦስቱም ሳይበሉ ይምጡ። መንገዱ ይቆየናል።»

ቅዳሜ

ዘሀራ «ቢስሚላህ» ብላ ገባች፤ የታከመው ግራ ዓይኗ ነው። ሲጨርሱ ነርሷን ለመንኩ፤ ማሳየት እንጂ መስጠት እንደማይቻል ነገረችኝ። ደንብ ከሆነ እሺ አልኩ። በፋሻ ቁራጭ ላይ አሳየችኝ። የምስር ፍሬ የምታክል፣ ምናልባት ትንሽ የምትበልጥ፣ ጥቁር ማር የመሰለች ነገር ናት። እናታችን ከሠራቻት ጀምሮ ሳትተካ፣ የሐብሩን ፀሐይ ሁሉ ብቻዋን ስትቀበል የኖረች።

ለዘሀራ ነገርኳት። «ማር ትመስላለች? ጥሩ» አለችና ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘች።

እሑድ

ፋሻውን ያነሳችው የሆስፒታሉ ነርስ ናት። ዘሀራ ዓይኗን ብዙ አርገበገበች። እንባዋ ወረደ። ቀና ትላለች ብዬ ስጠብቅ የያዘችውን እጅ ቁልቁል አየች። አገላበጠችው። ደም ሥሩን፣ ቡናማ ነጥቦቹን፣ የተሸበሸበውን ቆዳ በጣቷ ተከተለች።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የማን ይሆናል? የኔ ነዋ።»

«ዋሾ። የእማዬ እጅ ነው።»

እኔም አየሁት። ለብዙ ዓመት ስጠላው የኖርኩት እጅ እውነትም የእማዬ እጅ ሆኗል። ሰሚራ ያለችኝ ዝገት፣ መጣመም፣ መደፍረስ ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ የሠራው እሷን ነው።

ዘሀራ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ነርሷ ዞረች። «ቀኝ ዓይኔ ይቀራል። ዙሩ ሲመለስ ሳይጠጣ የቀረው ነው የሚጀምረው። የአባታችን ደንብ ነው፤ እህቴን ጠይቂያት።»

«ደንቡ ነው» አልኩ። እውነትም ነው። ነርሷ እየሳቀች ስሟን መጀመሪያ ላይ ጻፈች።

ሰኞ

ሙሽራ ሆኜ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ዘሀራ አውቶቡሱ የውጫሌን መንገድ ይዞ እስኪሰወር መርሳ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ሰሞኑን እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ነጠላዬን በመስኮት ስታይ ቆይታ፣ ከጠፋ በኋላም የምታየው እየመሰላት ቆማ ቀረች።

ዛሬም ልሸኝሽ አለችና መንገድ ዳር ቆመች። ፀሐዩ እንዳይነካት ሰሚራ የገዛችላትን ጥቁር መነጽር አድርጋለች፤ ባጃጅ ነጂዎቹ «ሀጃ፣ ፊልም ልትሠሩ ነው?» እያሉ ያስቋታል። ፓፓያና አንድ እቅፍ ሽንኩርት አሸከመችኝ። ሽንኩርቱ ከአባታችን ማሳ ነው፤ ዘንድሮ ውሃ ደርሶታል።

አውቶቡሱ ተነሳ። ግራ እጄን ወደ መስኮቱ አነሳሁ። ሰው በሰው ላይ ሆኖ አላየኋትም። ከተማው ሊያልቅ ሲል ስልኬ ጮኸ።

«እታለም፣ የተቀመጥሽበት መስኮት መጋረጃው ቀይ ነው፣ አይደል?»

ዞር ብዬ አየሁት። እስከዚያ ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር።

«ቀይ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አትዝጊው» አለች፤ «ገና እያየሁሽ ነው።»